የሮው ፎቶ ለማዘጋጀት ዳርክቴብል ይሻላል ወይስ ሮውቴራፒ?

ጠያቂ፦ ካሜራዬን ከጄፔግ ወደ ሮው (ካሜራው የመዘገበው ያልተዘጋጀ ጥሬ መረጃ) ከቀየርኩ ወዲህ የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ጊምፕ ፋይሎቹን አልከፍት ብሎኛል። ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ የቆመ ሰው ሳነሣ ፊቱ ይጠቁርብኛል። የቆዳውን ቀለም ሳያበላሽ ጥላውን የሚያነሣልኝ ከሁለቱ የሮው ማዘጋጃ ፕሮግራሞች፣ ከዳርክቴብልና ከሮውቴራፒ፣ የትኛው ነው?

መልስ 1፦ ያለ ጥርጥር ዳርክቴብልን ይያዙ። ፊቱን ብቻ በማስክ (ማስተካከያው የሚነካውን ቦታ በሚወስነው መከለያ) ለይተው በቶን ኢኳላይዘር (ጥላውንና ብርሃኑን ለየብቻ በሚያስተካክለው መሣሪያ) ማብራት ይችላሉ። ሮውቴራፒን ሞክሬው ባላውቅም የሚያስፈልገኝ ሆኖ አላገኘሁትም።

መልስ 2፦ የትኛውንም ቢመርጡ ከፎቶው አጠገብ የሚቀመጠውን፣ ማስተካከያዎ የሚጻፍበትን ትንሽ ፋይል አደራ ይጠብቁ። እኔ ዲስኬ ሲሞላብኝ የማይጠቅሙ መስለውኝ ኤክስኤምፒ የሚል ቅጥያ ያላቸውን ሁሉ አጠፋሁ፤ ቀጥሎም ኮምፒዩተሩን ፎርማት ሳደርግ የዳርክቴብል ዳታቤዝ አብሮ ሄደ። ሮው ፋይሎቹ አልተነኩም፤ የወራት ሥራዬ ግን ከዜሮ ተጀመረ።

መልስ 3፦ በእኔም ላይ ደርሷል። ሮውቴራፒም ማስተካከያውን የሚጽፈው ፒፒ3 በሚል ቅጥያ በተለየ ፋይል ስለሆነ ጥንቃቄው ያው ነው።

መልስ 1፦ ዳርክቴብል ግን በዳታቤዙም በኤክስኤምፒውም ስለሚመዘግብ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። ብልጫው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 4፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? በጄፔግ በደንብ ካነሡ ሮው አያስፈልግዎትም።

መልስ 5፦ ጠያቂው ይህን አልጠየቁም፤ ጥያቄውን ሳያነብቡ መመለስ ሰው ያሳስታል። ጄፔግ በ8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ሲይዝ፣ የ14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል። የጠቆረ ፊት ሲበራ ቆዳው እንዳይሸረካከት የሚያደርገው ይህ ልዩነት ነው።

መልስ 6፦ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ጊምፕ ሮውን በራሱ አይተረጉምም፤ ከሁለቱ አንዱ ከተጫነ ግን ፋይሉን ለእሱ አሳልፎ ውጤቱን ይቀበላል። በአብዛኞቹ ካሜራዎች እያንዳንዱ ፒክሰል የሚመዘግበው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ በመሆኑ የቀሩትን ሁለቱን የሚገምተው ሶፍትዌሩ ነው፤ ሮውቴራፒ ለዚህ ሥራ በርካታ ስልቶችን ስለሚያቀርብ ጥቃቅን ዝርዝርን በማውጣት እመርጠዋለሁ። ለእርስዎ የጠቆረ ፊት ግን የዳርክቴብል ማስክ ይቀልልዎታል ብዬ አምናለሁ። አንዱን ፎቶ በሁለቱም አዘጋጅተው፣ ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) አንድ ዓይነት አድርገው፣ ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት በ16 ቢት ቲፍ አውጥተው በሙሉ መጠኑ ያስተያዩት። ካሜራዎ አዲስ ከሆነና ፕሮግራሞቹ ፋይሉን ካላወቁት፣ አዶቤ በ2004 ወዳወጣው የሮው ፋይል ዓይነት ወደ ዲኤንጂ ቀይሮ መሞከር ይቻላል።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ያሳሰበኝ የኤክስኤምፒው ጉዳይ ነው፤ የሮው ፋይሉን ስም ብቀይር ግንኙነቱ ይቋረጣል?

መልስ 2፦ አዎን፣ ከፕሮግራሙ ውጭ ከቀየሩት ይቋረጣል። ፎቶዎቹን ከካሜራ ሲያስገቡ ስማቸውን አስተካክለው ይጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ አይንኩት።