አስቸኳይ፦ ጀግናዬ በአንድ ገጽ ውስጥ ቪለን (ክፉ ገጸ ባሕርይ) ሆነችብኝ፣ ምን ላድርግ?

ቀለም ያለቀባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የቀይ ኮፍያዋን ልጅ ተረት በኮሚክ እንደ አዲስ እየሠራሁት ነው። ልጅቷ ሱፐርሂሮ ናት፣ እሳት ትተፋለች። ተኩላው ደግሞ አሠልጣኟ ነው። ምዕራፍ አራት ላይ ያታልላትና ከተማውን ታጋየዋለች። ሠዓሊዬ ስክሪፕቱን አንብቦ "ይቺ ልጅ ገጽ 11 ላይ ድመት ከዛፍ ታወርዳለች፣ ገጽ 12 ላይ ከተማ ታቃጥላለች፣ እኔ ይሄን አልስልም" ብሎ መለሰው። ዛሬ ማታ አስተካክዬ ካልሰጠሁት ሌላ ሥራ ይዞ ሊሄድ ነው። ገጽ መጨመር አልችልም። እባካችሁ!

ችኩሉ፦
እናትየዋን ግደያት። አለቀ።

ቀለም ያለቀባት፦
እናትየው ምዕራፍ አንድ ላይ ሞታለች።

ችኩሉ፦
አያትየዋንስ?

መምህሩ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሰው እንዴት እንደሚታለል ማወቅ አለብሽ። ሰው በአንድ ዝላይ አይከፋም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው ሙከራ አለ። ተሳታፊዎቹ አንድ ሰው በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲቀጡት ይታዘዛሉ። ንዝረቱ የውሸት ነው፣ እነሱ ግን አያውቁም። ከ15 ቮልት ይጀምርና በ15 በ15 እያደገ 450 ይደርሳል። ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ገና ሲገቡ 450ውን ተጫኑ ቢባሉ ስንቱ እሺ የሚል ይመስልሻል? 150 ላይ የደረሰ ሰው ግን 135ን ቀድሞ ተጭኗል፣ አሁን አልጫንም ካለ ያለፈውንም ጥፋት ነበር ብሎ ማመን አለበት። ተኩላሽ የሚያስፈልገው ይሄ ደረጃ ነው። በነገራችን ላይ ስለ መታዘዝ ብዙ የሚነገር አለ፣ ለምሳሌ...

ሳቂታው፦
ፕሮፌሰር፣ ለማታ የተባለው ስክሪፕት ነው እንጂ መመረቂያ ጽሑፍ አይደለም 😂

ኮሚክ ሰብሳቢ፦
እኔ ትዝ ያለኝ የባትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 አንባቢዎች ስልክ እየደወሉ ባትማን ያሠለጠነው ረዳቱ ሮቢን ይሙት ወይስ ይኑር ብለው ድምፅ ሰጡ። 5,343 ለ5,271 ሆኖ ልጁ ሞተ። በ72 ድምፅ! ከዓመታት በኋላ ያው ልጅ ቀይ ጭንብል አጥልቆ ተመልሶ የአሠልጣኙ ጠላት ሆነ። ሰው ያመነው ለምንድነው? ቂሙ እውነተኛ ስለነበረ ነው። ገዳዩ ጆከር አሁንም በሕይወት አለ፣ ባትማንም አልተበቀለለትም።

ሳቂታው፦
እኛም ድምፅ እንስጥ። ተኩላው ይባረር የምትሉ 👍

እምቢ ባይ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ከተታለለች ቪለን አይደለችም፣ ተጎጂ ናት። ቪለን ናት ካልሽ ደግሞ ፈልጋ ማድረግ አለባት። ሁለቱን አደባልቀሽ ነው ሠዓሊው ግራ የገባው። ትልቅ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይሞኝም።

ቀለም ያለቀባት፦
ትልቅ ሰው ማን አለ? 14 ዓመቷ ነው።

እምቢ ባይ፦
ይሄን መጀመሪያ አትናገሪም?

የጫካ መንገድ፦
ተኩላው ምን ብሎ ነው የሚያታልላት? እሱንም አልነገርሽንም።

ቀለም ያለቀባት፦
"አያትሽን የገደሏት የከተማው ሰዎች ናቸው" ይላታል።

ችኩሉ፦
አላልኩም? አያትየዋን ገድላታለች 😎

የጫካ መንገድ፦
እንግዲህ ችግሩ እሱ ነው። አንድ ውሸት ሰምታ ብድግ ብላ ከተማ ታነዳለች፣ ማንም አያምናትም። መልሱ ያለው እዚያው ተረቱ ውስጥ ነው። ወንድማማቾቹ ግሪሞች እ.ኤ.አ. በ1812 ያሳተሙትን ተመልከቺ። ተኩላው ልጅቷን ከመንገድ ያስወጣት አስፈራርቶ ወይም አስቆጥቶ አይደለም። አበባዎቹን አሳያት፣ በቃ። አበባዎቹም እውነት ያምራሉ። እሷም "ለአያቴ ትኩስ አበባ ብወስድላት ደስ ይላታል" ብላ ነው መንገዱን የለቀቀችው። በደግነቷ ነው የያዛት።

ስለዚህ ገጽ አትጨምሪ፣ ድመቷን ተጠቀሚባት። ተኩላው "ዛፉን ካላቃጠልሽው ድመቷ አትወርድም" ይበላት። ታቃጥለዋለች፣ ድመቷ ትድናለች። የዛፉ ባለቤት ወጥቶ ይጮህባታል። ተኩላው ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብሎ "አየሽ? አዳንሽላቸው፣ እነሱ ግን ይሰድቡሻል" ይበል። ያለው ነገር ሁሉ እውነት ነው እኮ! ቀጥሎ ወረርሽኝ ገብቶበታል የሚላት ባዶ መጋዘን። ቀጥሎ ሰፈር፣ "ሰዎቹ ወጥተዋል" ብሏታል። ሦስት ትናንሽ ሥዕሎች ይበቃሉ። ከተማው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አያትየዋን ጭራሽ ተያት።

መምህሩ፦
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ደረጃ።

እምቢ ባይ፦
አሁንም ተጎጂ ናት። ባዶ መስሏት ነው ያቃጠለችው።

የጫካ መንገድ፦
ሰፈሩ ላይ ከአንድ ቤት የልጅ ሳል ትስማ። ዞር ብላ ተኩላውን ትየው። እሱ ምንም አይበል። እሷም አታቁም። ካቆመች ዛፉም መጋዘኑም ጥፋት ሊሆኑባት ነው።

እምቢ ባይ፦
...እሺ። እዚህ ላይ ቪለን ናት። ተኩላው ዝም ማለቱን ግን ማንም እንዳይነካው፣ ንግግር ከጨመርሽበት ጥፋቱ ወደ እሱ ይመለሳል።

ቀለም ያለቀባት፦
ወይኔ! ሳሉን ያዝኩት። ሥዕሉ ውስጥ ድምፅ እንዴት ነው የሚታየው ግን? "እህ እህ" ብዬ ልጻፈው?

ሳቂታው፦
እንደዚያ ከጻፍሽው ተኩላው ራሱ ይስቃል።

ኮሚክ ሰብሳቢ፦
ድምፁን አትጻፊው። መስኮቱ ላይ ትንሽ እጅ፣ ከሥሩ የልጅቷ ዓይን በጣም ቀርቦ። ሠዓሊው ያውቅበታል። እጁ ከሳሉ ይሻላል፣ አይታ ነው የቀጠለችው ማለት ነው።

አዲስ ገቢ፦
ሙሉውን አላነበብኩም ግን ፍላሽባክ ብትጨምሪስ? እናቷ ስትሞት የሚያሳይ።

ችኩሉ፦
የኔ ሰው!

የጫካ መንገድ፦
ቀለም፣ አለሽ? ሠዓሊው ተቀበለው? ደግሞ መጨረሻው ላይ አዳኝ መጥቶ ያድናታል ወይስ ተረቱን ከግሪሞች በፊት እንደጻፈው ፈረንሳዊ፣ እንደ ፔሮ ነው የምታደርጊው? የእሱ፣ እ.ኤ.አ. የ1697ቱ ላይ አዳኝ የሚባል የለም፣ ተኩላው በልቷት ያበቃል። አዳኝ ካለ ግን ከምዕራፍ አራት በፊት አንድ ቦታ ብቅ ማለት አለበት።

እምቢ ባይ፦
አዳኝ አያስፈልግም። ሆዱን ቀዳ ትውጣ፣ እሳት ትተፋ የለ?