ሞተረኛ በመኪኖች መሃል ይሹለክ ወይስ ወረፋ ይጠብቅ?

ሞተረኛው ከሳሪስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የማነሳው ለእኔ የእንጀራም የነፍስም ጥያቄ ነው። መንገዱ ተዘጋግቶ መኪኖች ሲቆሙ፣ ሞተረኛ በመሃላቸው እያለፈ ወደ ፊት ይሂድ? ወይስ እንደ ማንኛውም ተሽከርካሪ ተራውን ይጠብቅ?

እኔ ይለፍ ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ዕቃ ማድረስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሳሪስ ቦሌ፣ ከቦሌ መገናኛ፣ ከመገናኛ ፒያሳ ስመላለስ እውላለሁ። ሰው ሞተረኛ የሚሾልከው ስለሚቸኩል ብቻ ይመስለዋል። መኪና ከኋላ ቢመታው ሹፌሩን ቆርቆሮው ይከልለዋል። እኔን የሚከልለኝ ጃኬቴ ነው። አንድ ቀን ጎተራ ጋ መኪኖች ኋላ ቆሜ ሳለ ሲኖትራክ ሲመጣብኝ በስፖኪዮ አየሁት። ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ። እግሬ እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ከዚያ ወዲህ መኪና ኋላ ቆሜ ከምጠብቅ በሁለት መኪና መሃል ገብቼ ብቆም ይሻለኛል።

ግን የሚከነክነኝም ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራ ልጅ እግሩ ተሰበረ። ከቆመ ሚኒባስ በቀኝ በኩል ሲያልፍ በሩ ተከፈተበት። ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ስንከራከር አመሸን። እስቲ እናንተም ፍረዱ።

የታክሲ ሹፌር፦
ጥፋቱ የልጁ ነው። እግዜር ይማረው፣ ግን የልጁ ነው።

ሚኒባስ ስነዳ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የታክሲ በር በቀኝ ነው፤ ሰው የሚወርደውም በቀኝ ነው። በእኔና በእግረኛው መንገድ መሃል ያለችው ክፍተት መውረጃ ናት። «ወራጅ አለ» ሲባል ረዳቱ በሩን ይስበዋል። ሽማግሌ አለ፣ ልጅ ያዘለች አለች፣ ጆንያ የያዘ አለ። ሁሉም የሚያየው እግሩ የሚያርፍበትን ነው። አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ሞተር መጣ አልመጣ የሚል የለም።

ስፖኪዮዬን ደግሞ ሦስት ጊዜ ሰብረውብኛል። አንዱም አልቆመም። እኔ የቀኑን ገቢ ለባለንብረቱ አስረክቤ የተረፈችኝን ነው ይዤ የምገባው። ስፖኪዮ የምገዛው ከልጆቼ አፍ ነጥቄ ነው።

ሞተረኛው ከሳሪስ፦
ጋሼ፣ ስለ ስፖኪዮው ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። እኔ ባልሰብረውም የሙያ ጓደኞቼ ናቸው። በቀኝ ማለፉም ትክክል አይደለም፣ ይህን እቀበላለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ታክሲዎች «ወራጅ አለ» ሲባል ጥግ የማትይዙት ለምንድን ነው? ሁለተኛው መስመር ላይ ቆማችሁ ነው የምታወርዱት። በእናንተና በጥጉ መሃል አንድ ሙሉ መኪና የሚያሳልፍ ቦታ ይቀራል። ሞተረኛው መንገድ ነው ብሎ ይገባበታል፤ ሰው ደግሞ ወረድኩ ብሎ ይገባበታል። ጓደኛዬ የተመታው እንደዚያ ነው።

የታክሲ ሹፌር፦
ጥግ እንዳልይዝ ጥጉን የቤት መኪና ቆሞበታል። እሱን አልፌ ላውርድ ስል ሰዉ «አሳለፍከኝ» ብሎ ይጮህብኛል። ሆኖም ያልከው እውነት ነው፣ ጥጉ ባዶ ሆኖም መሃል ላይ የምናወርድበት ጊዜ አለ። እሱን አልክድም።

እናት ከጀሞ፦
እኔ ወረፋ ይጠብቅ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አምና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዜብራ ላይ ተገጨች። ሚኒባሱ ቆሞላት ነበር። ሹፌሩ በእጁ «እለፊ» አላት። እኔ ማዶ ቆሜ እያየኋት ነበር። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደተነገራት ሳትሮጥ መጣች። ከሚኒባሱ ግንባር ወጣ ስትል ሞተሩ በሚኒባሱ ግራ መጣ። እሱ አላያትም፣ እሷም አላየችውም። እኔ ግን ሁለቱንም እያየሁ ነበር። አፌን ከፍቼ ድምፅ አልወጣኝም።

ክንዷ ተሰበረ፣ ሁለት ጥርስ ወለቀ። ልጁ አልሸሸም፣ ተንበርክኮ ያለቅስ ነበር። እሱን አልጠላውም። ዛሬ ልጄ ደህና ናት። መንገድ ስናቋርጥ ግን መኪናው ከቆመም በኋላ ፈቀቅ አትልም። እጄን ይዛ በመኪኖቹ መሃል ያለውን ክፍተት ነው የምታየው።

መኪና የቆመው ሰው እንዲያልፍ እንደሆነ ሞተረኛው በምን ያውቃል? ይህን መልሱልኝ።

የቪትዝ ነጂ፦
እናቴ፣ እንኳን ልጅዎ ተረፈች። የእርስዎን ካነበብኩ በኋላ ሞተር ጭራሽ ይከልከል ለማለት ዳድቶኛል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሲከለከል ከተማው ጸጥ ብሎ ነበር። ፍሬቻ አሳይቼ ልታጠፍ ስል ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሞተር በግራዬ ሽው ሲል ልቤ ነው የሚቆመው።

ሞተረኛው ከሳሪስ፦
እህቴ፣ በ2011 የተከለከለው ስልክና ቦርሳ እየቀሙ በሞተር የሚያመልጡ ስለበዙ ነው። የመንገድ አደጋ አልነበረም ዋናው ምክንያቱ። ሌባውን ለመያዝ ሲባል ሠራተኛውም አብሮ ቤቱ ተቀመጠ። በኋላ በፈቃድ የሚሠራው ሲመለስ ነው ብዙዎቻችን እንጀራ ያገኘነው። እርስዎም ቤትዎ ሆነው ያዘዙትን ምሳና መድኃኒት ያመጣልዎ አንዱ እኔን የመሰለ ልጅ ነው። ሶዶና ዲላ ብትሄጂ ደግሞ ሞተር ታክሲ ነው፤ ተማሪውም ነጋዴውም የሚሳፈርበት። ሞተር አይቀርም። እንዴት ይነዳ የሚለውን ብንነጋገር ይሻላል።

ለእናታችን ጥያቄ ግን ወዲያው መልስ አላገኘሁለትም። ላስብበት።

ነርሷ፦
የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። ለክርክሩ ፍርድ አልሰጥም፤ በየቀኑ የማየውን ልናገር።

ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚነዳ ይመጣል። ማሰሪያውን ሳይቆልፍ ያደረገም ይመጣል፤ ሲወድቅ ሄልሜቱ ቀድሞት ይሄዳል። በትክክል የታሰረ ሄልሜት የመሞት ዕድልን ከ6 እጥፍ በላይ እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። አገጭ ሥር ጠበቅ ብሎ ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ክፉኛ የተመታ ሄልሜት ደግሞ ላዩ ደህና ቢመስልም ውስጡ ተሰባብሯልና አትልበሱት።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799/2005፣ በመኪናም በሞተርም የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ መብት ይሰጣል። ገጪው ቢሰወር እንኳን ለጉዳት ካሣ የሚሆን የመድን ፈንድ አለ። «ታርጋውን አልያዝንም» ብለው ተስፋ ቆርጠው የሄዱ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ለፖሊስ አመልክቱ፣ ማስረጃውን ያዙ።

ከሎስ አንጀለስ፦
እኔ ካሊፎርኒያ ነው የምኖረው፣ ወደ ሥራም በሞተር ነው የምሄደው። ይህ ክርክር እዚህም ለብዙ ዓመት ነበር። ካሊፎርኒያ በመኪኖች መሃል ማለፍን እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሕግ በግልጽ ፈቀደች። ዩታ ደግሞ በ2019 ፈቀደች፣ ግን በገደብ ነው። መኪኖቹ የቆሙ መሆን አለባቸው፣ ሞተሩም በሰዓት ከ15 ማይል መብለጥ የለበትም። በእኛ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2015 ያወጡትን አንብቤዋለሁ። በመሃል የሚያልፉ ሞተረኞች ከኋላ የመመታት ዕድላቸው ያንሳል። ሳሪስ ያለው ወንድማችን ስለ ሲኖትራኩ ያለው በዚህ ይደገፋል። በሌላ በኩል ራሳቸው የፊተኛውን የመግጨት ዕድላቸው ይበልጣል። ቁልፉ የፍጥነት ልዩነት ነው። ከመኪኖቹ ብዙም ካልፈጠንክ ያዋጣል። መኪኖቹ ቆመው አንተ በ50 ስትከንፍ ግን ያው ሞት ነው።

እዚህ ያለው መንገድ ግን ሌላ ነው። ሀይዌይ ላይ ዜብራ የለም፣ በየመቶ ሜትሩ ሰው የሚያወርድ ታክሲም የለም። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ስለፈቀደች አዲስ አበባም ትፍቀድ አልልም።

አሠልጣኙ፦
ሰዎችን ሞተር አሠለጥናለሁ። ሒሳቧን ልሥራላችሁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ሕፃን ከሚኒባስ ግንባር ብቅ ስትል አይተህ፣ አስበህ፣ እጅህ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ይሄዳል። በእነዚያ 11 ሜትሮች ውስጥ ሞተሩ ገና መቀነስ አልጀመረም። በ20 ብትመጣ ግን 5 ሜትር ተኩል ነው። ልዩነቱ የሚኒባስ ርዝመት ነው።

ተማሪዎቼ ሁሉ የፊት ፍሬን ይፈራሉ። «ትደፋኛለች» ይላሉ። የኋላውን ብቻ ረግጠው ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታሉ። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ጎማ ይመጣል፤ ስለዚህ በደንብ የሚያቆምህ የፊቱ ነው። የሚደፋህ በድንገት ስትጨመድደው ነው። ቀስ እያልክ እያጠበቅክ ስትይዘው ያቆምሃል። ባዶ ሜዳ ፈልጋችሁ ሃያ ጊዜ ተለማመዱት። የዜብራው ነጭ ቀለም ደግሞ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። ፍሬኑን ከቀለሙ በፊት ጨርሱ።

ስለ ሹፌሮችም አንድ ነገር። እኔ የሹፌሩን ፊት አላምንም። ያየኝ ይመስለኛል እንጂ አላየኝም። የማየው የፊት ጎማውን ነው። ፍሬቻ ሳያሳይ የሚታጠፍ መኪና እንኳን ጎማው ቀድሞ ይነግርሃል።

የቪትዝ ነጂ፦
አሠልጣኙ ያሉት ገረመኝ። እኔ ሞተረኛው እያየኝ ነው ብዬ ነበር የምታጠፈው። ከዛሬ ጀምሮ ከመታጠፌ በፊት አንገቴን አዙሬ አያለሁ። በስፖኪዮ የማይታይ ቦታ እንዳለ ሲነግሩኝ ለፈተና ብቻ ነበር የያዝኩት።

ሞተረኛው ከሳሪስ፦
እናቴ፣ ሁለት ቀን አሰብኩበት። በምን ያውቃል ላሉኝ መልሱ፣ አያውቅም ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ሚኒባስ ሲቆም «ሰው ሊያወርድ ነው» እያልኩ ነው ያለፍኩት። ሰው እያሳለፈ ሊሆን እንደሚችል ያሰብኩበትን ቀን አላስታውስም።

ስለዚህ አቋሜን በከፊል ቀይሬያለሁ። መኪኖቹ ቆመው ወይም እየተሳቡ ከሆነ በመሃል ልለፍ፣ ግን ቀስ ብዬ፣ ሰው ከሚሮጠው ብዙም ሳልበልጥ። በታክሲ ቀኝ በፍጹም አላልፍም። ዜብራ ያለበት ቦታ ደግሞ መኪና ከቆመ እኔም አብሬው እቆማለሁ፤ ሰው ባይታየኝም።

ትናንት ሞከርኩት። ሳሪስ አቦ ዜብራው ጋ አንድ ሚኒባስ ቆመ፣ እኔም ከጎኑ ቆምኩ። ኋላዬ ሁለት ሞተረኞች ክላክስ አደረጉብኝ፣ አንዱ ሰደበኝ። ከሚኒባሱ ፊት አንድ ሽማግሌ በከዘራ ወጡ። ሰዳቢውም አያቸው። ምንም አላለም፣ ቆመ።

አንድ ነገር ግን አሠሪዎችም ይስሙ። እኔ የሚከፈለኝ በዕቃው ቁጥር ነው። ምግብ ከዘገየ ደንበኛ ይቆጣል፣ ነጥብ ይቀንስብኛል፣ ቀጣዩ ሥራ ለሌላ ይሰጣል። አንድ ዜብራ ላይ የምቆመው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ በቀን ሃምሳ ዜብራ አለ። ሃያ አምስት ደቂቃ ማለት አንድ ዕቃ ነው። እሱን ከኪሴ እከፍላለሁ። ሌላው ልጅ ግን ቤት ኪራይ ደርሶበት እንዲከፍል አልጠብቅም። ክፍያው ካልተስተካከለ ምክሩ ብቻውን አይሠራም።

የታክሲ ሹፌር፦
የእኛም እንደዚያው ነው፣ ቶሎ ሞልተህ ካልተመላለስክ ገቢው አይሞላም። በዚህ አንድ ነን።

ቀኙን ተውልኝ፣ በግራ ስፖኪዮዬን ሳትነካ እለፍ። ረዳቴን ከዛሬ ጀምሮ በሩን ከመሳቡ በፊት አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ እንዲያይ ነግሬዋለሁ። ዜብራ ላይ ስቆምም ክንዴን በመስኮት አውጥቼ መዳፌን ዘርግቼ አሳያለሁ። ሰው እያሳለፍኩ ነው ማለት ነው። ሞተረኞች ይህን ምልክት ካያችሁ ቁሙ።

ሞተረኛው ከሳሪስ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ።

እናት ከጀሞ፦
ልጄ፣ ስለ ሽማግሌው የጻፍከውን ለልጄ አነበብኩላት። «ሞተረኛው ቆመ?» አለችኝ ደጋግማ።

እኔ ግን አሁንም ወረፋ ይጠብቅ ባይ ነኝ። አንተ ትቆማለህ፤ ከኋላህ ክላክስ ያደረጉት ሁለቱ ግን ነገ አንተ በሌለህበት ዜብራ ላይ ናቸው።