አስቸኳይ፦ ዛሬ የሌለ ሰው ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ የሂሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ከፍቶ ትቶታል፤ እንዴት ላስወጣው?

ሂሳብ_ገላን · ቅዳሜ ጠዋት 4፡10
ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ገላን መጋዘናችን ውስጥ ሁላችንም በሪሞት ዴስክቶፕ (ከየኮምፒውተራችን በኔትወርክ) የምንገባበት አንድ ኮምፒውተር አለ። ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ነበር። ጠዋት የሳምንቱን ክፍያ ላዘጋጅ ገብቼ ባክአፕ (የዳታውን መጠባበቂያ ቅጂ) ልውሰድ ስል፣ ሌላ ሰው ፒችትሪ ውስጥ ስላለ መጀመሪያ ይውጣ እያለ ይመልሰኛል። ሳይወጣ የቀረው ስቶር ኪፐሩ ነው። ሰውየው ግን ለቅሶ ሄዷል፣ ስልኩም ዝግ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ከወትሮው በጣም ቀርፋፋ ሆኗል። የቀን ሠራተኞቹ 6 ሰዓት ላይ ነው የሚከፈላቸው፣ ከአሁኑ በር ላይ ቆመዋል። ምን ላድርግ?

ቶሎ_መልስ · 4፡13
ሪስታርት አድርጊው፣ አለቀ።

ቡራዩ_ቴክ · 4፡17
እህቴ፣ እባክሽ ሪስታርት እንዳታደርጊ። የፒችትሪ ዳታ ያለው ፐርቫሲቭ በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ሰውየው የጀመረው ነገር ተከፍቶ እያለ ማሽኑን ብታጠፊው፣ ያልተቀመጠው ሥራ መጥፋቱ ሳያንስ ፋይሉም ሊበላሽ ይችላል። ባክአፕ ደግሞ ገና አልወሰድሽም።

መጀመሪያ ማን እንዳለ እዪ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኚ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ሞር ዲቴይልስ» የሚል ካለ ንኪው፣ ከዚያ «ዩዘርስ» ወደሚለው ግቢ። ከስሙ አጠገብ «ዲስኮኔክትድ» ይል ይሆናል። ያ ማለት መስመሩ ተቋርጧል ወይም መስኮቱን በኤክስ ዘግቶታል እንጂ ሰውየው አልወጣም ማለት ነው። የከፈተው ሁሉ ሜሞሪ ላይ እንዳለ ነው፤ የቀረፈፈሽም በዚሁ ሊሆን ይችላል። ስሙ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና «ሳይን ኦፍ» በዪ። ይህም ያልተቀመጠውን ያጠፋል፣ ግን ሌሎቹን ሰዎች ስለማይነካ ከሪስታርት ይሻላል።

የቀድሞ_ኦዲተር · 4፡22
ልጄ፣ ነገሩ የኮምፒውተር ብቻ አይደለም። ስንት ሰው ነው የሚገባው? በስንት ስም? የግምጃ ቤት ቁልፍ በፊርማ ነው የሚረከቡት፤ የሂሳብ ማሽን ስምና የይለፍ ቃልም እንደዚያው ነው። ሁለት ሰው በአንድ ስም ከገባ፣ ነገ ዕቃ ቢጎድል ማን እንደጻፈው በምን ይለያል? እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ስም ይኑረው። የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው ስም ለዕለት ሥራ አይዋል። ሰው ሥራ ሲለቅ ደግሞ ስሙ በዚያው ቀን ይታገድ እንጂ አይሰረዝ። ከተሰረዘ በኋላ ያንኑ ስም ብትፈጥሩት ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሰው ነው የሚቆጥረው፤ የድሮው ፋይሎች ፈቃድ አብሮት አይመለስም። ይህንን በየድርጅቱ ስናገር ነው የኖርኩት፣ የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው።

አቃቂ_ማዶ · 4፡26
ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው፤ ግን በር ላይ ሰው ቆሟል። እህት፣ እኔ እንደገባኝ የከለከለሽ ባክአፑ ነው እንጂ ክፍያው አይደለም። የሳምንቱን ክፍያ በኤክሴል አስልተሽ አስፈርሚና ክፈዪ። ሰኞ ሰውየው ሲመለስ ፒችትሪ ላይ ትመዘግቢዋለሽ። ባክአፕ ዛሬ የግድ ነው ያለሽ ማነው?

ሂሳብ_ገላን · 4፡31
ባለቤቱ ናቸው ያሉት። ባክአፕ ሳይወሰድ ምንም ክፍያ እንዳይመዘገብ፣ ሳይመዘገብም ብር እንዳይወጣ ብለዋል። ጋሼ ለጠየቁኝ፦ እኔና ባለቤቱ የየራሳችን ስም አለን፣ ስቶር ኪፐሩና የሽያጯ ልጅ ግን «ስቶር» በሚል አንድ ስም ነው የሚገቡት። ታስክ ማናጀሩ ላይ «ስቶር፣ ዲስኮኔክትድ» ይላል። ሳይን ኦፍ ስለው ግን «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» አለኝ። የአድሚኑን (የአስተዳዳሪውን ስም) የይለፍ ቃል የያዘው ኮምፒውተሩን ያስገባልን ባለሙያ ነው፣ እሱ ደግሞ አዳማ ነው ያለው፤ ማታ እደውላለሁ ብሏል።

ቶሎ_መልስ · 4፡32
እኮ ሪስታርት አድርጊው። እሱ አድሚን አይጠይቅም።

ሰበታ_ስቶር · 4፡36
ሠራተኞቹን በር ላይ አታቁሚያቸው፣ መቀመጫና ሻይ ስጪያቸው። የቆመ ሰው ደቂቃው ሰዓት ይሆንበታል።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተሽ «ኪዩዩዘር» ብለሽ ጻፊ። ማን እንዳለ፣ የሴሽኑን (ገብቶ የከፈተውን ሥራ የያዘውን) ቁጥርና ከመቼ ጀምሮ እንደገባ ያወጣልሻል። ከዚያ «ሎግኦፍ» ብለሽ ቁጥሩን ስታስከትዪበት ያስወጣዋል። ሰዓቱን ስታነቢ ልብ በዪ፦ 5፡48 ፒኤም ካለሽ በእኛ 11፡48 ነው። ሰውየው ሲመሽ ገብቶ የተወው እንጂ ጠዋት የገባ አይደለም።

ቡራዩ_ቴክ · 4፡38
ወንድሜ፣ ያም አድሚን ይጠይቃል። እኔ ከላይ ካልኩት ጋር አንድ ነው፣ መንገዱ ብቻ ነው የተለየው።

ሰርቨር_ሩም · 4፡41
አድሚንም ሪስታርትም አያስፈልግም። መልሱ ራስሽ የጻፍሽው ውስጥ አለ፦ «ስቶር»ን ሁለት ሰው ነው የሚጠቀምበት። ዊንዶውስ ተቋርጦ የቀረን ሴሽን የሚሰጠው በዚያው ስም ለገባ ሰው ነው። ስለዚህ የሽያጯ ልጅ በ«ስቶር» ብትገባ አዲስ ዴስክቶፕ አይከፈትላትም፤ ሰውየው ትቶት የሄደው ስክሪን ራሱ፣ ፒችትሪም እንደተከፈተ ይመጣላታል።

ግን ከሌላ ኮምፒውተር በሪሞት አትግባ። ያላችሁ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ከሆነ (ከሁኔታው ያ ይመስለኛል) በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሠራው። እሷ በሪሞት ስትገባ አንቺን ፈቃድ ይጠይቅሻል፤ 30 ሰከንድ ውስጥ ካልመለስሽ እንደፈቀድሽ ይቆጥርና ያንቺን ሴሽን ያቋርጣል። ከዚያ ያንቺም ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ዋናው ማሽን ጋ አብራችሁ ሂዱ። አንቺ የከፈትሽውን አስቀምጪና ዝጊ፣ ከዚያ ስታርት፣ የስምሽ ምልክት፣ «ሳይን አውት»። እሷ በዚያው ኪቦርድ በ«ስቶር» ትግባ። የይለፍ ቃሉን ራሷ ትጻፈው፣ በስልክም በወረቀትም እንዳትሰጥሽ። ሰውየው ምን ላይ እንዳቆመ እዩና ፒችትሪን በደንብ ዝጉት፤ በኤክስ ሳይሆን እንደዚሁ በ«ሳይን አውት» ትውጣ። ከዚያ በራስሽ ስም ግቢና ባክአፑን ሞክሪ።

የቀድሞ_ኦዲተር · 4፡45
ለዛሬ ይሁን። ልጅቷ በገባችበት ጊዜ ግን ምን እንዳየችና ምን እንደዘጋች በወረቀት ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። በዚያ ስም የተመዘገበው ሁሉ የስቶር ኪፐሩ ነው ተብሎ የሚታሰብ ነው፣ ሰውየው ደግሞ የለም።

ለገጣፎ_ኔት · 4፡49
ዛሬን ካለፋችሁ በኋላ እንዳይደገም፦ በአድሚን ስም ግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ ደንቦች የሚስተካከሉበትን) ክፈቱ። ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ሴሽን ሆስት፣ በመጨረሻ ሴሽን ታይም ሊሚትስ። እዚያ ውስጥ ለተቋረጡ ሴሽኖች የጊዜ ገደብ የሚሰጠውን ከፍታችሁ 1 ደቂቃ አድርጉት። ማንም ተንጠልጥሎ አይቀርም።

ቡራዩ_ቴክ · 4፡53
1 ደቂቃ? ገላን ላይ? ወንድሜ፣ ይህንን የምትለው መብራትና ኔትወርክ ለማይቋረጥበት ሰፈር ነው። ሰው የዕቃ መረከቢያ እየሞላ መብራት ሄደ እንበል። የእሱ ኮምፒውተር ይጠፋል፤ ዋናው ማሽን ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ስለሆነ ይቆያል፣ ጄኔሬተር እስኪነሳ የተጻፈውን ጠብቆ የሚያቆይለት ያ የተቋረጠው ሴሽን ነው። አንተ በ1 ደቂቃ ስትዘጋው ያልተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ሞደሙ ራሱ ተነስቶ መስመር እስኪይዝ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ተቋርጦ መቆየቱ ለእንደ እኛ ያለ አካባቢ በረከት ነው፤ ችግሩ ሌሊቱን ሙሉ ማደሩ ነው።

ለገጣፎ_ኔት · 4፡56
እኔም ለገጣፎ ነው ያለሁት፣ መብራቱን አውቀዋለሁ። ግን ሰዓት ከሰጠሃቸው ማንም ሳይን አውት ማድረግ አይለምድም።

ሰርቨር_ሩም · 4፡59
እኔ ከቡራዩ ጋር ነኝ። የ2 ወይም የ3 ሰዓት ገደብ ይበቃል፦ አጭር መቋረጥን ያሳልፋል፣ ማታ የተረሳው ደግሞ ጠዋት ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ተዘግቶ ይጠብቃችኋል። እዚያው አጠገብ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሴሽንን የሚመለከት ሌላ ገደብ አለ፣ እሱን አትንኩት። ስልክ ሊያነጋግር የተነሳን ሰው ሥራው መሀል ያቋርጠዋል።

ኮዬ_ፈጬ_ሶፍትዌር · 5፡01
ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዲገቡ የምታደርግ ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ ስትጫን ዊንዶውስ 10 እንደ ሰርቨር ይሆናል። ለምን ተራ ትጠባበቃላችሁ?

ሰርቨር_ሩም · 5፡05
እባክህ ይህንን የሂሳብ ማሽን ላይ አትምከር። የዊንዶውስ ፈቃዱ አይፈቅደውም። ማይክሮሶፍት አፕዴት በላከ ቁጥርም ይሰበራል፤ የሚሰበረው ደግሞ ልክ እንደዛሬው የክፍያ ቀን ጠዋት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ እንዲገባ ከተፈለገ መንገዱ ዊንዶውስ ሰርቨር ነው። እሱም ለአስተዳደር ሥራ 2 ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው። ከዚያ በላይ የሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ ሮል ተጭኖ ለየሰው ፈቃድ ይገዛል፤ ያለ ፈቃድ የሚያሠራው ለ120 ቀን ነው። ለአራት ሰው መጋዘን ይህ ወጪ ይገባዋል ወይ የሚለውን ባለቤቱ ይወስኑ።

አቃቂ_ማዶ · 5፡08
ሌላ ነገር ልጠይቅ። ባለቤቱ ከውጭ በምንድን ነው የሚገቡት? ራውተሩ ላይ ፖርት 3389 (የሪሞት ዴስክቶፕ መግቢያ በር) ተከፍቶ ከሆነ ዛሬውኑ አዘጉት። ያንን ፖርት እየፈለጉ የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ቀንም ሌሊትም አያርፉም፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ የሚገቡትም በዚያ ነው። በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ይግቡ። ዊንዶውስ 10 ራሱ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ስለዚህ የተከፈተ ፖርት ከድሮው የባሰ አደጋ ነው።

ሂሳብ_ገላን · 5፡12
ሰርቨር ሩም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ገብታለች! ስክሪኑ ልክ እንዳሉት መጣ። ግን በግማሽ የተሞላ የዕቃ መረከቢያ ተከፍቶ ነበር፣ አቅራቢውና ሁለት መስመር ዕቃ ተጽፏል፣ ብዛቱ አንዱ ላይ የለም። ስንዘጋው ይቀመጥ ወይ ብሎ እየጠየቀን ነው። ምን እንበል? ቶሎ።

የቀድሞ_ኦዲተር · 5፡14
አይቀመጥ! ያልተሟላ መረከቢያ ክምችቱን ያዛባል፣ ብዛቱን ደግሞ እናንተ አላያችሁትም። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ «ኖ» በሉ። ሰውየው ሲመለስ የአቅራቢውን ወረቀት ይዞ ራሱ እንደገና ይጻፈው።

ቡራዩ_ቴክ · 5፡15
ጋሼ ያሉትን አድርጉ። ፎቶው ላይ ቀኑና የመረከቢያው ቁጥር እንዲነበብ አድርጊ።

ቶሎ_መልስ · 5፡40
ሠራ?

ሰበታ_ስቶር · 7፡25
እህት፣ ከፈልሽ? ሰዎቹ ሄዱ?

ሱሉልታ_ዶሮ_እርባታ · ሰኞ 3፡05
ሰላም ለሁላችሁ። ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ ግን የእኛ ዊንዶውስ 10 ሆም ነው። ኪዩዩዘር ስጽፍ አላውቀውም ይለኛል፣ ግሩፕ ፖሊሲውም የለም። በሪሞት ሊያስገባኝም አልቻለም።

ሰርቨር_ሩም · 3፡20
ሆም በሪሞት ዴስክቶፕ ሌላ ሰው አያስገባም፣ ከእሱ ወደ ሌላ ማሽን መውጣት ብቻ ነው የሚቻለው። ወደ ፕሮ ማሳደግ አለብህ። እስከዚያው እዚያው ማሽን ላይ ማን ሳይወጣ እንደቀረ ለማየት ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዩዘርስ» የሚለው ሆም ላይም አለ፤ በአድሚን ስም ገብተህ ሳይን ኦፍ ማድረግ ትችላለህ። መጀመሪያ ግን የስሙን ባለቤት ያልተቀመጠ ነገር እንዳለው ጠይቀው።