«የተስተካከለ ትርፍ»ን ደንብ ገራው ወይስ መደበቂያ አሳየው?

ባለአክሲዮን፦ የከሰረ ድርጅት አንዳንድ ወጪዎችን ከስሌቱ አውጥቶ «በተስተካከለ ስሌት ግን አትርፌያለሁ» እንዲል ለምን ይፈቀድለታል? ቢሮ አከራዩ ዊወርክ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 933 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። በዓመቱ ቦንድ ሊሸጥ ሲወጣ ግን የማስታወቂያና የአስተዳደር ወጪውን ሳይቀር ከስሌቱ አውጥቶ 233 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ አሳየ። እኔ ይታገድ ባይ ነኝ።

የፋይናንስ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ምሳሌህ የሚደግፈው እኔን ነው። ዊወርክ ያኔ የግል ድርጅት ስለነበር ደንቡ አይደርስበትም ነበር። ከ2003 ጀምሮ የአሜሪካ ደንብ የተስተካከለ ትርፍ ይፋ የሚያደርግ በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ድርጅት በሒሳብ ደንቡ የተሰላውን መደበኛ ቁጥር ጎን ለጎን እንዲያስቀምጥ፣ ልዩነቱንም በማስታረቂያ ሰንጠረዥ እንዲያሳይ ያስገድዳል። የቅናሽ ኩፖን ሻጩ ግሩፖን በ2011 ወደ አክሲዮን ገበያ ሊወጣ ሲል ደንበኛ የሚያመጣበትን የማስታወቂያ ወጪ የዘለለ ስሌት ይዞ መጣ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ሲጠይቀው ያንን ስሌት ተወው። ደግሞስ ፋብሪካ የተቃጠለበት ድርጅት ያንን የአንድ ጊዜ ጉዳት ከስሌቱ ካላወጣ የዘንድሮውን ካምናው እንዴት ያወዳድር? ማገድ መረጃ መንፈግ ነው።

ኦዲተሯ፦ ሰንጠረዥ መኖሩ ብቻውን አያድንም። የኮምፒውተር አገልግሎት ሰጪውን የአሜሪካ ድርጅት ዲኤክስሲ ቴክኖሎጂን ውሰዱ። ሰንጠረዡ ነበረው። ከስሌቱ ከወጡት ወጪዎች አንዷ ረድፍ «ከግዢ፣ ከመለያየትና ከውህደት ጋር የተያያዘ ወጪ» ትላለች። ተቆጣጣሪው ሲያጣራ የዘወትር የሥራ ወጪም እዚያ ተከትቶ ተገኘ። በ2023 የ8 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፈለ። አያችሁ? ደንቡ በሩን ሲጠብቅ ችግሩ ረድፏ ውስጥ ገባ። ከውጭ ሆኖ ይህን ማየት የሚችል የለም፤ ደረሰኝና የሥራ ውል ማገላበጥ ይጠይቃል። ለዚህ ነው ከጃንዋሪ 2027 የሚጸናውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ 18ን የምደግፈው። አመራሩ በራሱ የሚያሰላቸው የትርፍ መለኪያዎች በሒሳብ መግለጫው ማብራሪያ ውስጥ ይገባሉ፤ ስለዚህ ኦዲት ይደረጋሉ። የአሜሪካ ድርጅቶች የራሳቸውን ደንብ ስለሚከተሉ ግን አይመለከታቸውም። ይሄ ያሳዝነኛል።

የፋይናንስ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ኦዲቱን አልቃወምም። ሥራ ይበዛብናል እንጂ።

ባለአክሲዮን፦ እሺ፣ እገዳውን ልተወው። ለሠራተኛ በአክሲዮን የሚከፈለውስ? የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2016 መመሪያው መደበኛና ተደጋጋሚ የሆነን የጥሬ ገንዘብ ወጪ ከስሌቱ ማውጣት ሊያሳስት ይችላል አለ። አክሲዮን ጥሬ ገንዘብ ስላልሆነ አመለጠ። ብዙ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች በየሩብ ዓመቱ ከስሌቱ ያወጡታል። ደሞዝ እኮ ነው! አዲስ አክሲዮን በታተመ ቁጥር የእኔ ድርሻ ይቀንሳል።

ኦዲተሯ፦ እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። በየዓመቱ የሚደጋገምን ወጪ ኦዲት ብናደርገውም ቁጥሩ ልክ መሆኑን ብቻ ነው የምናረጋግጠው። ከስሌቱ መውጣት ነበረበት ወይ የሚለውን የሚመልሰው ደንብ አውጪው ነው።