ጥቆማ፦ ለኬፕ ኤፒክ ሳይክሌን የት ላሰራ፣ አዲስ አበባ ወይስ ኬፕታውን? ድንኳን ወይስ ካምፐር (አልጋ ያለው መኪና)?

ዳገት ወዳጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። እኔና ኬፕታውን የሚኖረው አብሮ አደጌ ለመጋቢቱ ኬፕ ኤፒክ ገብተናል። ለማታውቁት፣ ደቡብ አፍሪካ ዌስተርን ኬፕ ውስጥ ከ2004 (በፈረንጅ) ጀምሮ የሚካሄድ የተራራ ሳይክል ውድድር ነው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚነዳው፣ 8 ቀን፣ የመጀመሪያው ቀን አጭር ፕሮሎግ (መክፈቻ) ነው ከዛ ሰባት ቀን በተከታታይ፣ ሲደመር 600 ምናምን ኪሎሜትር ነው ዳገቱ ደግሞ ወደ 15,000 ሜትር ይጠጋል። ሁለታችሁ ከ2 ደቂቃ በላይ መራራቅ አይቻልም፣ ከተራራቃችሁ ቅጣት አለው። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ሳይክሉን ሙሉ ሰርቪስ እዚሁ አዲስ ላሰራው ወይስ እዛ ደርሼ? ጎማ ምን ትመክሩኛላችሁ? ማታ ማታስ የውድድሩ ድንኳን ውስጥ እንደር ወይስ ካምፐር እንከራይ? ሳይክሌ ፉል ሰስፔንሽን (ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው) ነው፣ ፍሬኑ ሺማኖ። አመሰግናለሁ።

ጃንሜዳ ያደገ፦
ምንም አታስብ ወንድሜ፣ ጃንሜዳ አካባቢ አንድ አባት አሉ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እሳቸው ጋ ነው የማሰራው፣ አንድም ቀን አሳፍረውኝ አያውቁም። እጃቸው በረከት አለው። እዛ ሄደህ ፈረንጅ ሜካኒክ ከሚበላህ እሳቸው ጋ ውሰደው።

ዳገት ወዳጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲስክ ፍሬን ደም መቀየር፣ ማለቴ ዘይቱን፣ እና የሾክ ሰርቪስ ይሰራሉ?

ጃንሜዳ ያደገ፦
ሾኩን እንኳን አላውቅም ግን እሳቸው የማይሰሩት ነገር የለም።

የመቐለ ልጅ፦
ሳይክል ካነሳችሁ መቐለ ነው በቃ። ጽጋቡ ግርማይ ከየት የወጣ መሰላችሁ? በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የኛ ልጅ ነው፣ ከዛ በፊትም የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ኩቤካ ቡድን ውስጥ ነበር። መቐለ ሕፃኑ ሁሉ ሳይክል ፈቶ ይገጥማል። አውቶቡስ ላይ ጭነህ ላክልኝና እኔ ራሴ አሰራልሃለሁ።

ዳገት ወዳጅ፦
ጽጋቡን የማይወድ የለም፣ ግን እሱ የአስፋልት ነው፣ የኔ የተራራ ነው። ደሞ ሳልነዳው መመለሱን እፈራለሁ።

ቀይ ኮፍያ፦
ወንድም አለም ይሄን ሳታነብ የትም እንዳትወስደው። እኔ ጆበርግ ነው የምኖረው፣ ሳኒቱሲ የሚባለው የ3 ቀን ውድድር ላይ ከጓደኛዬ ጋር ገባሁ፣ እሱም ሁለት ሁለት ሆኖ ነው፣ ከድራከንስበርግ ስር ተነስቶ ባሕር ዳርቻ ድረስ የሚወርድ። ከውድድሩ ሁለት ቀን በፊት አንድ ትልቅ ሱቅ (ስም አልጠራም) ሙሉ ሰርቪስ ብዬ ሰጠሁ፣ ፍሬን ዘይት ተቀይሯል ተብሎ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፣ ከፈልኩ። በሁለተኛው ቀን ወደ ኡምኮማስ ሸለቆ የሚወርደው አለ፣ ረጅም ነው፣ ጠባብ ነው፣ መሃል ላይ የኋላ ፍሬን እጀታው መጥቶ መሪው ላይ ተለጠፈ። የለም ማለት ነው። በፊት ፍሬን ብቻ ይዤ እግሬን እየጎተትኩ ቁልቁል ወረድኩ፣ አንድ ቦታ ላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ፣ ክርኔ እስከ ዛሬ ሲበርድ ያመኛል። ግን የሚያመኝ እሱ አይደለም። ጓደኛዬ ታች ሸለቆው ላይ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት፣ ውሃውን ግማሹን አስቀርቶልኛል፣ ሌላው ሁሉ እያለፈን። ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተነሳ ነው የተዘጋጀው። አንድ ቃል አልተናገረኝም። ዝም ብሎ ውሃውን ሰጠኝ።

ሰላም ከሀዋሳ፦
ይቅርታ በመሃል፣ ለሜዳ የሚሆን ሳይክል፣ ለሥራ መመላለሻ፣ ቅርጫት ያለው፣ ከየት ይገዛል? እኛ ጋ ሁሉም ያረጀ ነው።

ተራ ሰው፦
@ቀይ ኮፍያ የትኛው ሱቅ ነው? ስም ጥራ እንጂ ሰው ይጠንቀቅ።

ቀይ ኮፍያ፦
አልጠራም። ሠራተኛው ልጅ ይሁን ባለቤቱ አላውቅም፣ የሰው እንጀራ ላይ መቆም አልፈልግም።

ጠጠር፦
ከሰርቪስ የወጣ ፍሬን አንዴ ሳትሞክር ገደል ለገደል የወረድከው አንተ፣ ጥፋተኛው ሱቁ። ጎበዝ። ሱቁ አብሮህ ነድቶ ይምጣልህ?

ጃንሜዳ ያደገ፦
ለዚህ እኮ ነው የኛዎቹ አባት ጋ ውሰደው ያልኩት!

የቤልቪሏ፦
ጠጠር ወንድሜ ተው። ሰውየው የጓደኛው ነገር ነው ያንገበገበው። ለብቻህ ስትወዳደር የራስህን ስህተት ራስህ ትከፍላለህ፣ በጥንድ ሲሆን የሌላ ሰው ዓመት ነው የምታበላሸው። እኔ ያየሁት ስለሆነ ነው።

ጠጠር፦
እሺ እህቴ፣ ቃሌ ከረረ። ቀይ ኮፍያ ይቅርታ። ግን መሞከር ነበረበት የሚለውን አልተውም።

የፍሬን ሰው፦
ሜካኒክ ነኝ፣ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ጠጠር ያለው ውስጡ እውነት አለ፣ አባባሉን ነው ያላማረው። ዘይት ሲቀየር ትንሽ አየር ውስጥ ከቀረ ቆሞ ስትጨብጠው ደህና ይመስልሃል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ግን እጀታው ልል ይልና ይገባል። ስለዚህ የትም አሰራው፣ ከተሰራ በኋላ ከእንጦጦ ማርያም እስከ ሽሮ ሜዳ ፍሬን እየያዝክ ውረድ፣ ታች ስትደርስ እጀታውን ጨብጥ፣ ከላይ ከነበረው ወደ መሪው ከቀረበ መልሰህ ውሰደው። ለዚህ ነው እኔ አዲስ አሰራው የምለው፣ መሞከሪያ ተራራ በርህ ላይ አለ፣ ኬፕታውን ከደረስክ በኋላ ጊዜም አይኖርህም። ሁለተኛ፣ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልባት ትንሿ ቁራጭ ብረት አለች፣ ሃንገር የሚሏት፣ አውሮፕላን ላይ ካርቶኑ ከተጣለ መጀመሪያ የምትጣመመው እሷ ናት፣ ለእያንዳንዱ ሳይክል ልኳ ይለያያል፣ የውድድሩ መንደር (ተወዳዳሪ የሚያድርበት ሰፈር) ውስጥ ሜካኒክ አለ ግን ያንተን ልክ ላይኖረው ይችላል። ሁለት መለዋወጫ ያዝ። መቀየሪያውን ፈተህ በስፖንጅ ጠቅልለህ ፍሬሙ ውስጥ እሰረው። የፍሬን ሸራም ቢያንስ ሁለት ጥንድ፣ ዝናብ ከመጣ አሸዋና ውሃ ሲደባለቅ በአንድ ቀን ይበላዋል። የጓደኛህ ሳይክል ምን እንደሆነ ጠይቅ፣ ሰንሰለታችሁ አንድ ዓይነት ከሆነ ማያያዣዋን ትካፈላላችሁ፣ መሃል መንገድ ላይ ከውጭ ሰው እርዳታ መቀበል አይፈቀድም፣ ከተወዳዳሪ ግን ይቻላል።

ዳገት ወዳጅ፦
ጌታ ይባርክህ፣ ይሄን ነው የፈለግኩት። ጎማስ?

የፍሬን ሰው፦
ጎማውን የቤልቪሏ ትንገርህ፣ አገሩን የምታውቀው እሷ ናት።

የቤልቪሏ፦
ቱብለስ (ውስጥ ጎማ የሌለው፣ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ የሚጨመርበት) መሆን አለበት፣ በውስጥ ጎማ እንዳትሞክር። እዚህ ዱቬልቺ የሚሉት እሾህ አለ፣ ልክ እንደኛው ኩርንችት፣ በየት በኩል ብትጥለው አንዱ ጫፉ ወደ ላይ ነው የሚቆመው። ልምምድ ላይ አንድ ቀን ከጎማዬ 11 ነቅያለሁ፣ ቁጭ ብዬ አንድ አንድ ስነቅል ነጩ ፈሳሽ እየወጣ ቀዳዳውን ሲደፍነው በዓይኔ አየሁ፣ ወደ ቤት ነድቼ ገባሁ። ፈሳሹ በሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ ከውድድሩ ዋዜማ አዲስ ጨምር። ጎኑ ጠንካራ የሆነውን ጎማ ግዛ፣ ትንሽ ቢከብድም፣ ድንጋዩ ስለት ነው። እኔ ማክሲስ ነው የምነዳው፣ ባለቤቴ ቪቶሪያ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፣ ሁለታችንም እኩል ነው የፈነዳብን።

ተራ ሰው፦
ማክሲስ እንዳትገዛ። የአጎቴ ልጅ መኪናው ላይ አስሮ ሁለት ወር አልቆየለትም።

የቤልቪሏ፦
የመኪና አይደለም ወንድሜ፣ የሳይክል ነው።

ተራ ሰው፦
ካምፓኒው አንድ ነው አይደል? እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ወለተ ማርያም፦
መጋቢት ጾም አይደል እንዴ? ምን ልትበላ ነው 8 ቀን? ልጄ ሯጭ ናት ሁሌ ይሄ ያስጨንቀኛል።

ዳገት ወዳጅ፦
እማማ እሱን እኔም እያሰብኩበት ነው። ንስሐ አባቴን አናግራለሁ።

ጃንሜዳ ያደገ፦
በሶ! ጭብጦ አድርገህ በጨውና በስኳር፣ ኪስህ ውስጥ። የፈረንጁ ጄል ሆድ ነው የሚያሳምመው።

የቤልቪሏ፦
በዚህ እንኳን እስማማለሁ፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ጄል ስታይ ያቅለሸልሽሃል፣ ጨው ያለው ምግብ ያምርሃል። ግን በሶን ላብህ እየፈሰሰ በደረቅ አፍ መዋጥ ከባድ ነው፣ በጥብጠህ በውሃ ኮዳ አድርገው፣ በልምምድ ላይ ሞክረው እንጂ እዛ አትጀምረው። እንጀራ ካስፈለጋችሁ ኬፕታውን አለ፣ ቤልቪል የሐበሻ ቤት አታጡም።

የመቐለ ልጅ፦
ኢትዮጵያዊ ደሞ ምን ሙቀት ይፈራል፣ ከፍታ ላይ ያደግን ነን፣ ታች ስትወርድ ሳንባህ እጥፍ ይሆናል።

የፍሬን ሰው፦
ሳንባው ልክ ነህ፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ እዛ አብዛኛው መንገድ ከ1,000 በታች። ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ 25 ዲግሪ ሲሆን ሞቀ የምንል ሰዎች ነን፣ ሮበርትሰንና ታልባግ አካባቢ መጋቢት ላይ ከዛ በጣም ያልፋል። አስር ቀን ቀድመህ ሂድ፣ ወይ ቅዳሜ ቅዳሜ አዋሽ ወርደህ ተለማመድ።

ዳገት ወዳጅ፦
ድንኳን ወይስ ካምፐር የሚለውን የመለሰልኝ የለም እኮ።

የቤልቪሏ፦
ረሳሁት ይቅር በለኝ። ባለቤቴ ድንኳን ውስጥ ነው ያደረው፣ እኔ በደጋፊነት ካምፐር ነበረኝ። ድንኳኑ ምዝገባው ውስጥ የተካተተ ነው፣ ምግብም አለ፣ ሻንጣህን ከመንደር መንደር ያደርሱልሃል። ችግሩ ድንኳኖቹ ተጠጋግተው ነው የሚተከሉት፣ ጎረቤትህ ሲያስል ትሰማለህ፣ ገና ሳይነጋ ዚፕ መክፈት ይጀመራል፣ መጸዳጃ ቤቱም ተሰልፎ ነው። በየደረስክበት እጅህን ታጠብ፣ ሆድ የታመመ ሰው ውድድሩ አለቀ ማለት ነው። ካምፐር እንቅልፍ ይሰጣል ግን መንደሩ ሲዛወር የሚነዳልህ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፣ እናንተ ሳይክል ላይ ናችሁ። ያ ሰው ከሌለህ ካምፐር አትከራይ። ካለህ ደግሞ ሌላ ነገር አትይ፣ ማታ እግርህን ሰቅለህ አልጋ ላይ መተኛትን የመሰለ የለም።

ቀይ ኮፍያ፦
የኔ ድምፅ ለእንቅልፍ ነው። ደሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጓደኛህ ጋር ማን ደካማ ነው የሚለውን አሁን ተነጋገሩ። እኔና ጓደኛዬ አልተነጋገርንም ነበር፣ ሁለታችንም ጠንካራው እኔ ነኝ ብለን ነው የገባነው። ዳገት ላይ ጠንካራው ወደፊት ሄዶ ዞር ዞር እያለ ሲያይህ ከመታመም ይብሳል። ጎን ለጎን ይንዳ ወይ ከኋላህ ይሁን።

ጠጠር፦
ይሄ ጥሩ ምክር ነው።

ዳገት ወዳጅ፦
ጓደኛዬን አሁን ደወልኩለት። የሱ ፍሬን ስራም (SRAM) የሚባለው ነው፣ ዶት ዘይት ነው የሚወስደው፣ የኔ ሚኒራል ኦይል። መለዋወጫ መካፈል ቀረ ማለት ነው?

የፍሬን ሰው፦
ዘይቱንማ በፍጹም እንዳትቀላቅሉ! ጎሚኖቹን ያበላሻል፣ ሁለታችሁም ፍሬን አልባ ትሆናላችሁ። ሸራውም አይገጥምም። ለየብቻ ያዙ፣ ዕቃውን ቦርሳ ላይ ስም ጻፉበት፣ ድካም ሲመጣ ሰው ይሳሳታል። ሰንሰለቱስ?

ጃንሜዳ ያደገ፦
እሳቸው ጋ ሄድክ ወይ ዳገት? ነግሬልሃለሁ እኮ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አሉ።

ሰላም ከሀዋሳ፦
ቅርጫት ያለውን ሳይክል የሚያውቅ አሁንም የለም?

የፍሬን ሰው፦
እህቴ በውስጥ ጻፊልኝ፣ አንድ የማውቃት የምትሸጥ ልጅ አላጣም፣ ቁመትሽን ብቻ ንገሪኝ።

የቤልቪሏ፦
ዳገት ወዳጅ፣ የምትመጣበትን ቀን አሳውቀን፣ ካርቶኑን የሚያነሳ መኪና አለን፣ ኤርፖርት እንቀበልሃለን። ሰንሰለቱንም ሳትመልስ ጠፋህ።

ሁለት ፔዳል፦
ሰላም፣ ይሄን ዛሬ ነው ያገኘሁት። እኔም ከእህቴ ጋር ለሚቀጥለው ልንመዘገብ እያሰብን ነው። ዳገት ወዳጅ በመጨረሻ የት አሰራኸው?

ቀይ ኮፍያ፦
እኔም እሱን ለማወቅ ነው በየቀኑ እየገባሁ የማየው።