እኔ በ3 ቀን የማቃጥለው ቤንዚን

ሹፌሩ ከአሌክሳንድሪያ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሰው በማመላለስ ነው የምኖረው። በቀን 6 ጋሎን ቤንዚን አቃጥላለሁ። አንድ ጋሎን ሲነድ ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ 9 ኪሎ የሚጠጋ ይወጣዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ነዳጅ በማቃጠል የሚወጣው ለአንድ ሰው ሲካፈል በዓመት 150 ኪሎ ገደማ ነው። ደብተር አውጥቼ ደመርኩት። እኔ በ3 ቀን እጨርሰዋለሁ።

አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ያገለገለች ቪትዝ ለመግዛት ስንት ዓመት ብር አጠራቀመ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ያሉትም ዋጋቸው አይቀመስም። ማደያ በገባሁ ቁጥር እሱ ነው ትዝ የሚለኝ። ነዳጅ ማቃጠል ቀድሞ ማቆም ያለበት ማን ነው?

የሳሪስ ልጅ
ወንድሜ፣ ክልከላው ፈረንጅ ደስ ይበለው ተብሎ አይደለም። ነዳጅ በዶላር ነው የሚገዛው፤ መብራቱ ግን ከራሳችን ውሃ ነው። እኔ ኤሌክትሪክ ነው የምነዳው። ማታ ሰክቼ እተኛለሁ፣ ጠዋት ሞልቶ ይጠብቀኛል። መብራት የጠፋ ለት ግን ሥራ የለም። ወንድምህ ይግዛ፣ አይቆጭም።

ያቤሎ
መኪናውን ለጊዜው ተዉት። ቦረና ላይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. 5 የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ። የአባቴ 40 ከብት አለቀ፤ የተረፉት 3 ናቸው። አባቴ መኪና ነድተው አያውቁም። ቤታቸው መብራት እንኳ የለም።

ሀብታሞቹ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን በተደረገው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ «ለድሃ አገሮች እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናሰባስባለን» ብለው ቃል ገቡ። የሞላው በ2022 ነው። ከመንግሥታቱ የመጣው አብዛኛው ደግሞ ብድር ነው። ከብቱ ላለቀበት ሰው ብድር ምን ያደርግለታል? እ.ኤ.አ. በ2027 ጉባኤው አዲስ አበባ ሲመጣ ይህን ፊት ለፊት የሚጠይቅ ሰው እፈልጋለሁ።

ሹፌሩ ከአሌክሳንድሪያ
ያቤሎ፣ ያልከውን ሁለቴ አነበብኩት። መልሱን አንተ ነገርከኝ። ቀድሞ ማቆም ያለበት እኔ ያለሁበት አገር ነው፤ እኔም ጭምር። ይቺን መኪና ሸጬ ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደውን፣ ልይዝ ነው። ለወንድሜም ደውዬ የጎደለውን እንደምሞላለት ነግሬዋለሁ። አባትህስ እንዴት ናቸው? ከብት መልሰው ያዙ?

ያቤሎ
እግዜር ይስጥልኝ። ደህና ናቸው። አሁን 7 ደርሰዋል፤ ሁለቱ ጥጆች ናቸው።