ጀልባችንን ዊንተሩን ውሃ ላይ እንተዋት ወይስ እናውጣት? (አናፖሊስ)

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ሰላም ወገኖች። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተጋርተን 26 ጫማ የሆነች ያገለገለች ባለሸራ ጀልባ ገዛን። አናፖሊስ አጠገብ ትንሽ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ውስጥ ታስራለች። ትንሽ ዲዝል ሞተር፣ መኝታ፣ ምድጃና ሽንት ቤት አላት፤ ቅዳሜ የቼሳፒክን ባህረ ሰላጤ ተሻግረን ሴንት ማይክልስ አድረን ለመመለስ ትበቃናለች። ችግሩ በየቀኑ ሄደን ልናያት አንችልም። የሸጠልን ሰውዬ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ላይ ተዋት ምንም አትሆንም አለ፣ የዶክ ጎረቤታችን ደግሞ በረዶ ሳይመጣ አውጧት ይላል። ማንን እንስማ? ውሃ ላይ እያለችስ ምን ምኗን እንይ? ልጆቻችንም ዶኩ ጋ መዋኘት ይፈልጋሉ፣ ይቻላል?

የጣና ልጅ፦
እንኳን ደስ ያላችሁ! ጎረቤታችሁን ስሙ። ብዙ ጀልባ የሚሰምጠው ማዕበል መሃል አይደለም፣ ታስሮ በቆመበት፣ ሰው በሌለበት ነው።

ከሆዷ ጀምሩ። ለሞተር ማቀዝቀዣ፣ ለሽንት ቤትና ለእቃ ማጠቢያ የተበሱ ቀዳዳዎች አሏት፣ እያንዳንዱ ላይ ሲኮክ የሚሉት መዝጊያ ቫልቭ አለ። ስትሄዱ ዝጓቸው። ክፍት የሚቀረው መቀመጫችሁ ላይ የሚወርደውን ዝናብ የሚያወጣው ብቻ ነው፣ እሱንም ቅጠል እንዳይደፍነው እዩት። ከውሃው በታች ያለ ቱቦ ሁሉ ጫፉ ላይ ሁለት ሁለት የማይዝግ ማሰሪያ ይኑረው። የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚገባበትን ቦታ ደግሞ በባትሪ መብራት እዩ፦ አሮጌው ዓይነት ከሆነ ዘንጉ ሲዞር ጠብ ጠብ ማለቱ ያለ ነው፣ ሞተር ጠፍቶም ከቀጠለ ግን መጥበቅ አለበት። ሆዷ ውስጥ የገባ ውሃ የሚያስወጣውን ፓምፕ ደግሞ በየሄዳችሁበት ተንሳፋፊውን በእጅ አንስታችሁ ሲነሳ ስሙት። የሚሠራው በባትሪ ስለሆነ ባትሪው ሲያልቅ እሱም ያልቃል፣ ስለዚህ በፓምፕ ተማምናችሁ የሚያፈስ ነገር አትተዉ።

ገመዱን በተመለከተ፣ አናፖሊስ ውሃው በቀን ከፍ ዝቅ የሚለው አንድ ጫማ አካባቢ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። ንፋስ ነው ጉዱ። በፈረንጆቹ 2003 ኢዛቤል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ውሃው ከ2 ሜትር በላይ ወጥቶ መሃል ከተማው ድረስ ገብቷል። አጥብቆና አሳጥሮ የታሰረ ጀልባ ያኔ ማሰሪያውን ይነቅላል። ናይለን ገመድ ተጠቀሙ፣ ረዘም አድርጋችሁ በሰያፍ እሰሩ፣ የሚፋተግበት ቦታ ላይ አሮጌ የውሃ ጎማ አልብሱት።

ዊንተር ላይ ደግሞ በረዶ ሲከመርባት ትከብዳለች፣ ዝቅ ስትል ከውሃው በላይ የነበረ ቀዳዳ ከውሃው በታች ይሆናል። ቱቦ ውስጥ የቀረ ውሃ ከረጋ ቱቦውንም ቫልቩንም ይሰነጥቃል። ስለዚህ አውጧት። ሞተሩ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለውን አንቲፍሪዝ (በብርድ የማይረጋ ፈሳሽ) አሳልፉ፣ የመጠጥ ውሃውን ታንክ ባዶ አድርጉ። የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ የተሰነጠቀ ሞተር በጣም ያንሳል።

ኤሌክትሪሻኗ፦
ስለ ልጆቹ ልናገር፣ ሥራዬ ስለሆነ። ከዶክ መብራት የሚሳብበት ማሪና ውስጥ ማንም አይዋኝ። አንድ ጀልባ ላይ ሽቦ ከተበላሸ ኤሌክትሪኩ ውሃው ውስጥ ይፈሳል፣ ውሃው ጨው ባነሰው ቁጥር ደግሞ ከውሃው ይልቅ የሰው አካል ይቀለዋል። ጡንቻ ያስራል፣ ዋናተኛው ይሰምጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ሊረዳ የሚዘልም አብሮ ይሞታል። ባህሩ መሃል መልሕቅ ጥላችሁ፣ ጀነሬተር ሳይኖር፣ እንደልባቸው ይዋኙ።

ሌላው፣ ፕሮፔለራችሁን ውሃው እንዳይበላው በሱ ፈንታ እንዲበላ ከሥር የሚታሰረው ብረት። እንደ ቼሳፒክ ጨውም ጣፋጭም ባልሆነ ውሃ አሉሚኒየሙ ይሻላል፣ ዚንክ ለባህር፣ ማግኒዥየም ለጣፋጭ ውሃ ነው። ግማሹ ሲያልቅ ቀይሩት። በዶኩ መብራት የምድር ሽቦ ከጎረቤት ጀልባዎች ጋር ስለምትገናኙ ጋልቫኒክ አይሶሌተር (በዚያ ሽቦ የሚያልፈውን ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያግድ መሣሪያ) አስገቡ፣ አለበለዚያ የእናንተ ብረት የነሱን ሲጠብቅ ያልቃል።

ሲያትል ነኝ፦
እኛ ጋ ሌክ ዩኒየን ጣፋጭ ውሃ ነው፣ ሆዷ ላይ የሚጣበቅ ቅርፊታም ነገር የለም። እናንተ ጋ ግን በሙቀቱ ወራት በርናክል የሚሉት ይለጠፋል፣ መዳብ ያለበት የሆድ ቀለም ሳትቀቡ አታስገቧት። ፍራሾቹን አቁሟቸው፣ የቁምሳጥኖቹን በር ክፈቱ፣ ሻጋታ የሚወደው የተዘጋ ቦታ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ልጆቹን ነግረናቸዋል። ሄደን ቫልቮቹን ሞከርን፣ የሽንት ቤቱ ንቅንቅ አይልም። በመፍቻ ልግፋው?

የጣና ልጅ፦
በፍጹም! ውሃ ላይ እያለች ከተሰበረ ውሃው ይገባል። ስትወጣ ፍቱትና አጽዱት ወይ ቀይሩት። እስከዚያ ድንገት ከተሰበረ ቀዳዳውን የምትደፍኑበት ልኩ የሆነ ሾጣጣ የእንጨት ውታፍ በገመድ ቫልቩ ላይ አንጠልጥሉ፣ ሽንት ቤቱንም አትጠቀሙ።